የጥላነሽ ቁና

ጥላነሽን ያናደዳት ገብሱን መስጠቷ አልነበረም። ገብሱንስ ወዳ ነው የምትሰጠው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከውስጧ እንደ እሾህ ተሰክቶ የኖረው፣ በሰጠች ቁጥር የሚጠራው ስም ነው።

በዝግባ ሚካኤል ደንቡ እንዲህ ነው። በጥር ሚካኤል ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ይገባል፤ በማግስቱ ከደጀ ሰላሙ ዝግባ ሥር የትምህርት ቤቱ ቁና ይወጣል። ቁናው የማንም አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው። ከአክርማ የተሰፋ፣ አፉ በቆዳ የተለበጠ፣ ዓመት እስከ ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተሰቅሎ የሚኖር። ያን ዕለት እያንዳንዱ ቤት ከዐውድማ ካስገባው እህል አንድ ቁና ይሰፍራል። የኔታ አካለ ወልድ ዓመቱን የሚበሉት ይህንኑ ነው። የመምህር መሬት የምትባል ከወንዙ ወዲህ አንዲት ቁራሽ እርሻ አለቻቸው፤ እሷንም ሰዉ በየተራ በሬ እያዋለ ያርስላቸዋል። ግን ውርጭ የሚመላለስባት መሬት ናት፣ አንዱን ዓመት ሰጥታ ሁለቱን ትነሣለች። የጎጆውን ክዳን አባቶች ይከድናሉ። ማገዶውን ልጆቹ ጧት ሲመጡ አንድ አንድ እንጨት ይዘው ይመጣሉ። ከሩቅ አገር የመጡት ተማሪዎች ደግሞ አኩፋዳቸውን አንግተው በየደጁ ለምነው ያድራሉ። ትምህርት ቤት ማለት ይኸው ነው። ከመንግሥት የሚመጣ የለ፣ ከጳጳስ የሚመጣ የለ፤ ቁናው ከሞላ አለ፣ ካልሞላ የለም።

ቁናው ሲሞላ የደብሩ ገበዝ መምሬ ደርቤ አናቱን በመዳፋቸው ይጠርጉና ጮክ ብለው ስም ይጠራሉ።

"እንዳላማው፣ ስለ ራሱ ቤት!"

"ሚካኤል ይቀበልልህ!" ይላል ሕዝቡ።

ስሙ የተጠራው ሰው ከዝግባው ሥር ከተደረደሩት ድንጋዮች ባንዱ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ በትምህርት ቤቱ ነገር አፍ አለው። መምህር ሲያዝ፣ ክዳን ሲከደን፣ ልጆች ለአረም ሲፈቱ፣ የማን ልጅ ይግባ የማን ይቆይ ሲባል እሱ ይጠየቃል። ያልተቀመጠ ቆሞ ይሰማል።

ጥላነሽ ባሏ ሙላት ዓባይ በረሃ ወርዶ በንዳድ ከሞተ ወዲህ ቁናዋን ያላመጣችበት ዓመት የለም። አሳርሳ፣ አርማ፣ አሳጭዳ፣ አስወቅታ፣ በገዛ ጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች። ሲጠራ ግን "ቢተው፣ ስለ ራሱ ቤት!" ይባልና ተከትሎ "ቢተው፣ ስለ ወንድሙ ስለ ሙላት ቤት!" ይባላል። ቢተው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ የአገሩም ጭቃ ሹም። እሷ ከሴቶቹ ጋር በስተ ደቡብ ቆማ የራሷ ገብስ በሰው ስም ሲፈስ ታያለች።

በመጀመሪያው ዓመት ጠይቃው ነበር።

"አያ ቢተው፣ ገብሱ እኮ የኔ ነው።"

"ታዲያ የማን ነው አልኩ?" አላት። "የወንድሜ ቤት በኔ ቤት ይቆጠራል። ሴት ከደጀ ሰላም ስሟ ሲጠራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በክርስትናዋና በፍታቷ ቀን ካልሆነ!"

ሰው ሳቀ። ጥላነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ዝም አለች። ዝም ማለቷን ግን እንደ መርሳት የቆጠረው ሰው ተሳስቶ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የሽታዬ ነገር መጣ። ሽታዬ አንዲት ልጇ ናት። አቡጊዳን ዘልቃ መልእክተ ዮሐንስ ጀምራ ነበር። ጥላነሽ ራሷ በልጅነቷ አቡጊዳ ላይ ሳለች ነው ተድራ የቀረችው፤ ልጅቱ ያን አልፋ መሄዷን ስታይ፣ ሰው አይየኝ ብላ ከጓዳ ገብታ እልል ብላለች። አንድ ጧት ሽታዬ ፊደል የምትቆጥርበትን ስንደዶ በእጇ እንደያዘች፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ ወደ ቤት ተመለሰች።

"ምነው በጧት?"

"ስፍራ ስለጠበበ ሴቶቹ ይውጡ ተባለ እማዬ።"

"ማን አለ?"

"ድንጋይ ላይ ያሉት። የሙላት ቤትም ተስማምቷል ብለዋል።"

"ሙላት አፈር ከገባ አምስት ዓመቱ! መች ተነሥቶ ተስማማ?"

ጥላነሽ ያን ዕለት ሽሮ ስትፈጭ መጁን እየደቃች ወፍጮውን ልትሰብረው ነበር። ቢተው በስሙ ገብሷን መስፈሩ ሳያንስ በቤቷ ስም ልጇን አስወጣ። የኔታ ምስጋና ይግባቸውና ሽታዬ ከጎጆው ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ አይተው እንዳላየ ሆኑ። ዝናብ በመጣ ቀን ግን ልጅቱ እየራሰች ትመለሳለች።

ነገሩ በዚሁ ሳለ ጣሊያን ገባ።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ከሉማሜ በላይ ካለው መንገድ ዳር ምሽግ ተሠራ። ለመንገዱ ድንጋይ የሚፈልጥ ጎልማሳ ከየአገሩ ተወሰደ፤ ድረስ የሚባለው የቢተው ልጅም አብሮ ተወሰደ። በኅዳር አይሮፕላን መጥቶ ማዶ ካለው ገበያ ላይ ዞሮ ዞሮ ቦምብ ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ተሰብስቦ መታየትን ፈራ፤ ለቅሶ እንኳ ከዛፍ ሥር ሆነ። ገናን ተከትሎ ደግሞ ከምሽጉ አንድ አስተርጓሚ፣ ጠመንጃ የያዙ፣ አስካሪ የሚባሉ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች አስከትሎ መጣና ከጭቃ ሹሙ ደጅ ቆመ። ለበቅሎዎቻቸው ከየቤቱ ጭስ አንድ ቁና ገብስ፣ ከጥምቀት በኋላ እንዲገባ አዘዘ። ያላገባ አገር ቤቱ እንደሚቃጠል ተናግሮ ሄደ።

ሰዉ ያን ዓመት ጎተራው ሳስቶ ነበር። ውርጩም መትቷል፣ በጫካ ላሉት አርበኞችም ስንቅ ይሄዳል። የተማሪዎቹ አኩፋዳ ባዶውን መመለስ ጀመረ። በጥምቀት ዋዜማ ጥላነሽ የኔታ ዘንድ ሽሮ ይዛ ብትሄድ፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከትተው፣ ለምዳቸውን ጠቅልለው፣ ጠፍር ሲያጠብቁ አገኘቻቸው።

"ምነው የኔታ? ወዴት ሊሄዱ ነው?"

"ወደ ደብረ ወርቅ ልመለስ እንጂ ልጄ። ወደ መምህሬ አገር።"

"ማን ሂዱ አለዎ?"

"ሂድ ያለኝ የለም። ግን ቢተው መጥቶ ነግሮኛል። ዘንድሮ የሚሰፈረው ለምሽጉ ነው። ልጆቹም ይበተኑ፣ አይሮፕላኑ ያያቸዋል ብሏል።" ጠፍሩን በጥርሳቸው ይዘው ሳቡት። "እኔስ ጾም አይከብደኝም። ከኔ ጋር ያሉት ልጆች ግን እያደጉ ነው፤ ጠዋት ቀለም ላስይዛቸው ስል ዓይናቸው ይዞርባቸዋል። ምን ብዬ ላቁማቸው?"

"አንድ ጊዜ የተፈታ ትምህርት ቤት ተመልሶ ይሰበሰባል?"

"እኔ አላየሁም" አሉ የኔታ።

"የመስፈሪያው ቀን እስኪያልፍ ይቆዩልኝ።"

"ቆይቼስ?"

"ይቆዩልኝ ነው የምልዎ የኔታ። ጠፍሩን ይፍቱት አላልኩም።"

ሳቅ አላቸው። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም እንደ ድሮሽ ነሽ። እሺ፣ እስከዚያ።"

የመስፈሪያው ዕለት ሰዉ ከዝግባው ጥላ ሥር ተጠጋግቶ ተሰበሰበ። ከጥላው የወጣ ልጅ ካለ እናቱ በጆሮው ስባ ትመልሰዋለች። የኔታ ጥቅላቸውን ከጎናቸው አኑረው ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ቢተው በትሩን ተመርኩዞ ቆሞ ተናገረ።

"ወገኖቼ፣ የመጣብንን ታውቃላችሁ። ሁለት ቁና የሚያወጣ ቤት የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ይህ ቁና ለምሽጉ ይሰፈራል። ትምህርት ቤቱ አገር እስኪረጋ ይቆይ። የኔታንም በሰላም እንሸኛለን።"

አምና ስማቸው ተጠርቶ ድንጋያቸውን የያዙት መሬት መሬት አዩ። ይሁን ያለ የለም፣ አይሁን ያለም የለም። ቢተው የራሱን ጆንያ ጎትቶ አቀረበ፤ መምሬ ደርቤ ቁናውን ሞሉት፣ አናቱን ጠረጉ።

"ቢተው፣ ስለ ራሱ ቤት!"

"ሚካኤል ይቀበልልህ" የሚል አልተገኘም። ለምሽግ ለሚገባ ገብስ ሚካኤል ይቀበል እንዴት ይባላል? መምሬ ደርቤም ቶሎ ብለው፣ ልማድ ነውና፣ ቀጠሉ።

"ቢተው፣ ስለ ወንድሙ ስለ ሙላት ቤት!"

የሚሞላ ገብስ ግን አልቀረበም። ቢተው ወደ ሴቶቹ ዞረ።

"ጥላነሽ፣ ገብሱን አምጪው እንጂ።"

"የምን ገብስ?"

"የቁናውን ነዋ! ምን ትጠይቂኛለሽ?"

"የሙላት ቤት በርስዎ ቤት ይቆጠር የለም እንዴ አያ ቢተው?" አለች ጥላነሽ፣ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ። "ሰባት ዓመት ሲቆጠር ኖሯል። ይቁጠሩት እንግዲህ፣ እኔ ምን አገባኝ።"

እንዳላማው፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ፣ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ጉልበቱን መታ። "ቁጠራ ጭቃ ሹም! ስትናገር ለሁለት ቤት ትናገር አልነበር? ስፈር ለሁለት ቤት!"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የቢተው ፊት ጠቆረ።

"ቀልዱን ተዉት! እኔ ሁለት ቁና ከየት አመጣለሁ? ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ በሬዬ አንዱ ሞቷል። የሙላት ቤትማ ራሱን የቻለ ቤት ነው! ጎተራ አላት፣ መሬት አላት፣ ጭሷ ለብቻው ይወጣል። ስለ ራሷ ትስፈር!"

ጥላነሽ ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ከቢተው ፊት መጥታ ቆመች።

"ይድገሙልኝ።"

"ምኑን?"

"አሁን ያሉትን።"

"ስለ ራስሽ ስፈሪ አልኩሽ! ጆሮሽ ተደፍኗል?"

"የኔ ቤት ራሱን የቻለ ቤት ነው ብለዋል?"

"ነው አልኩ!"

"በሚካኤል ይበሉኝ።"

"ሚካኤልን!" አለ ቢተው በንዴት፣ በትሩን መሬት እየመታ።

"መምሬ፣ ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ" አሉ መምሬ ደርቤ።

"እናንተስ?"

"ሰምተናል!" አለች ታየች የምትባለው ጎረቤቷ ከኋላ፣ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ። "ደግመን ደጋግመን ሰምተናል!"

ከቢተው ድንጋይ አጠገብ አንዲት ዝቅ ያለች ድንጋይ ነበረች። ሙላት የሚቀመጥባት ነበረች። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባት፣ ቢተው በትሩን ያጋድምባት ነበር። ጥላነሽ ሄዳ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠችባት። ጉርምርምታ ተነሣ።

"ሳትሰፍሪ ተቀመጥሽ!" አለ ቢተው።

"እሰፍራለሁ። አስቀድሜ ለማን እንደምሰፍር ልወቅ። እስካሁን የሚሰፍርልኝ ሰው ስለነበረ መጠየቅ አልለመድኩም።" ወደ ተቀመጡት ዞረች። "ለምሽጉ ገብስ እንስጥ ነው የተባለው። ይሰጥ። እኔም እሰጣለሁ። ቤታችን ከሚቃጠል፣ ድረስም ከሚገረፍ ይሰጥ። ግን በዚህ ቁና አይሰፈርም።"

"በምን ሊሰፈር ኖሯል?" አለ ቢተው።

"በገበያ ቁና። ቁና ጠፍቶ ነው? ይህ የልጆቹ ነው። ይህ ዛሬ ለምሽጉ ከሰፈረ፣ ለከርሞ አስተርጓሚው ሲመጣ የት እንዳለ ያውቀዋል። ጥር በመጣ ቁጥር እሱ ይመጣል። የኔታም ደብረ ወርቅ ይሄዳሉ፣ እናንተም ከዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ የምትጠየቁት ነገር የለም። ምንድን ነው የምትጠየቁት? የበቅሎ ቀለብ?"

"ቃል ስታሳምሪ ማን አከለሽ" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "እህሉ ግን ከየት ይምጣ? ሁለት ቁና የለንም!"

"እኔም የለኝም። ባንድ ጊዜ ስፈሩ ማን አለ? የሚካኤልን ጽዋ እንዴት ነው የምትቀበሉት? ሁሉም ቤት ባንድ ቀን ነው የሚደግሰው?"

"በተራ ነው እንጂ።"

"በተራ! ጽዋው ሲመጣበት አልቀበልም ያለ ሰው አይታችኋል?"

አላዩም። ሲደኸይም፣ ሲያዝንም፣ ጽዋ መጥቶበት ፊቱን ያዞረ ሰው በዚያ አገር አልተሰማም።

"እንግዲያው ቁናውም እንደ ጽዋው ይዙር" አለች ጥላነሽ። "ቁናው የገባበት ቤት ሳምንቱን የኔታንና ተማሪዎቹን ያብላ። ከቤተ ክርስቲያን የሚከመር እህል የለም፣ የሚዘረፍም የለም። ትምህርቱም እዚያው ቤት ይሁን። የኔ በረት ቀን ቀን ባዶ ነው፣ ከብቶቹ መስክ ናቸው። ከሰማይ ለሚያይ በረት ነው፤ ውስጡ ማን ዳዊት እንደሚደግም አይሮፕላን ምን ያውቃል?"

እንዳላማው ራሱን አከከ። "ኧረ እንዴት ነው ይቺ ሴት ሰባት ዓመት ዝም ያለችው?"

"ዝም አላልኩም። አልተጠራሁም።"

ቢተው ተቀመጠ። ጭቃ ሹምነቱ ከፊቱ ላይ ወርዶ ሽማግሌ አባት ብቻ ሆኖ ታየ። ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ፣ ለሷ ብቻ እንደሚናገር።

"አንቺ ሴት፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ይፈታል ብዬ ለምሽጉ ሰዎች ነግሬያለሁ። እንዳልተፈታ ቢሰሙ የሚይዙት ድረስን ነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።"

ጥላነሽ አየችው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተቆጣችው በአንድ ትልቅ ሰው ላይ ነበር፤ አሁን ከጎኗ የተቀመጠው የፈራ ሰው ነው። ቁጣዋ ግን አልበረደም፣ መንገዱን ብቻ አገኘ።

"ድረስን ዳዊት ያስደገመው ማነው አያ ቢተው?"

የኔታ አካለ ወልድ ከዳር ሆነው አንገታቸውን ደፉ።

"ከመሄዱ በፊት ከኔ ደጅ ቆሞ ሲሰናበተኝ ዳዊቱን ከደረቱ አንግቶ ነበር" አለች። "ያን ያነበበው በዚህ ቁና ነው። የኔም ቁና ገብቶበታል፣ በርስዎ ስም። ለምሽጉ ማን ይነግራል? ከዚህ ያለ ሰው ካልነገረ ማን ይነግራል? እርስዎ ይነግራሉ?"

"እኔማ… ወግጂ! ምን አደረግሁሽ!"

"እንዳላማው ይነግራል?"

"ምላሴ ይበጠስ!" አለ እንዳላማው። "ለቀልድ ነው እንጂ ለነገር አትሆንም እሷ።"

"ስለዚህ የሚነግር የለም። ትምህርት ቤቱ ተፈቷል፣ እርስዎም አልዋሹም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቦታ ትምህርት ቤት የለም። በረት ነው ያለው።"

ከጀርባዋ ሴቶች ሳቁ፤ አንድ ሁለት ወንዶችም ሳይወዱ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ዋናው ጥያቄ ቀረ፤ ሁሉም ያውቀዋል። መምሬ ደርቤ ናቸው ያነሡት።

"መልካም ብለሻል ልጄ። ግን ጽዋ እንኳ የመጀመሪያ ተቀባይ ይፈልጋል። ማነው የሚጀምረው?"

አንዱ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ሰማዩን አየች። ጥላነሽ ከድንጋይዋ ተነሣች። ወደ መምሬ ደርቤ ሄዳ ከፊታቸው ያለውን ቁና አነሣች። የቢተውን ገብስ ወደ ጆንያው መልሳ ገለበጠች፣ ቁናውንም ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ አራገፈችው።

"ኸረ! ቁናው ከደጀ ሰላም ወጥቶ አያውቅም!" አሉ መምሬ ደርቤ።

"ቆዩኝ። አልሰርቀውም።"

ቁልቁለቱን ወረደች። ሽታዬ ከኋላ እየሮጠች ደረሰችባት፤ ምንም ሳይነጋገሩ ቤት ገቡ። ጥላነሽ ጎተራውን ከፍታ እጇን ሰደደች። የሚበላው ገብስ ከታች ሆኖ ነበር፣ እጇ እስከ ብብቷ ገባ። ያን ለምሽጉ ትሰጣለች፤ ቃሏን ሰጥታለችና። ከጎተራው ጎን ደግሞ አፉ በእበት የተመረገ እንስራ አለ። ዘር ነው። ለሰኔ የምትዘራው፣ ከውርጭ የተረፈው፣ ፍሬ በፍሬ በጣቷ የለቀመችው።

ከእንስራው ፊት ቆመች። ሰኔ ይመጣል። ዘር የሌለው ሰው ዘር ይበደራል፤ በእጥፍ ይመልሳል። የምታበድራት ታየች ናት፣ ታየችም ብዙ የላትም። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ እንደምታደርገው ግን ቀድማ አውቃ ነበር። ምርጊቱን በድንጋይ ሰበረችው።

"እማዬ፣ ዘሩ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ቁናውን ያዢልኝ።"

"ምን እንዘራለን?"

"አንቺ ግቢና ተማሪ። እኔ የምዘራውን አገኛለሁ።"

ቁናውን እስከ አፉ ሞላችው። ከሞላም በኋላ ጨመረችበት፣ እስኪከመር። ዳገቱን ስትወጣ አንዲት ፍሬ እንዳትወድቅባት ቀስ እያለች ረገጠች፤ አንገቷ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነበር። ከደጀ ሰላሙ ስትደርስ ሰው ተበትኖ ይሆናል ብላ ሠግታ ነበር። ማንም አልተነሣም። ቢተው እንኳ እንደተቀመጠ ነበር፤ በትሩን ግን የሙላት ድንጋይ ላይ መልሶ አላጋደመውም።

ቁናውን ከመምሬ ደርቤ ፊት አወረደችው። ገበዙ ነጣ ነጣ ያለውን፣ የተመረጠውን ገብስ አይተው ዘር መሆኑን ወዲያው ለዩ። ቀና ብለው አዩዋት። እንደ ልማዳቸው አናቱን ለመጥረግ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አይጥረጉት" አለች። "እንደተከመረ ይሁን።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። "ስለ… ስለ ማን ልበል?"

"ያውቁታል መምሬ። አያ ቢተው በሚካኤል ነግረውዎታል።"

መምሬ ደርቤ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጮክ ብለው ጠሩ።

"ጥላነሽ፣ ስለ ራሷ ቤት!"

የመጀመሪያውን "ሚካኤል ይቀበልልሽ" ያለችው ታየች ናት። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ እንዳላማው፣ ከዚያ ድንጋዮቹ ላይ ያሉት አንድ ባንድ። ቢተው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ምን እንዳለ ግን አልተሰማም።

"ሁለተኛው ሳምንት የኔ ነው" አለ እንዳላማው። "በረቴ ግን ይሸታል፣ የኔታ ይቅር ይበሉኝ።"

ጥላነሽ ቁናውን የሁሉም እህል ከሚከመርበት ቁርበት ላይ አላፈሰሰችውም። እንደተከመረ መልሳ ራሷ ላይ አስቀመጠችው። ወደ የኔታ አካለ ወልድ ሄደች፤ ጥቅላቸው እንደታሰረ ከጎናቸው ነበር።

"የኔታ፣ ይነሡ። ጠፍሩን ቤት ሲደርሱ ይፍቱታል።"

የኔታ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። የሩቅ አገር ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንስተው ተከተሉ፤ የአገሩ ልጆችም እናቶቻቸውን አይተው፣ እናቶቻቸው አገጫቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉላቸው፣ ተከተሉ። አይሮፕላን እንዳያይ ብለው በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሄዱ። ጥላነሽ ከፊት ነበረች፤ በአንድ እጇ የተከመረውን ቁና ደግፋ፣ በሌላው ስንደዶዋን የያዘችውን የሽታዬን እጅ ይዛ። ከበረቱ ደጅ ስትደርስ እበቱን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችና ልጅቱን ከፊት፣ ከግድግዳው በውስጥ በኩል አስቀመጠቻት።

"ከዚህ ተቀመጪ" አለቻት። "የጥላነሽ ቤት ተስማምቷል።"